የመንገደኛው ሰዓት



ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚበር መንገደኛ ጉዞው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ቢጠይቅ «አንድ ሰዓት ያህል» ይባላል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ስለ አውሮፕላኑ እንጂ ስለ መንገደኛው አይደለም።

ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ቀጥተኛ ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው የመኪና መንገድ የዓባይን በረሃ ወርዶ ስለሚወጣ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ርቀቱ ለፍጥነቱ ሲካፈል ውጤቱ 30 ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ወደ ማኮብኮቢያው በዝግታ ሲሄድ፣ ተራ ሲጠብቅ፣ ሽቅብ ሲወጣ፣ ለማረፍም አቅጣጫውን ሲያስተካክል ነው። በጊዜ ሰሌዳ የሚጻፈው ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ ያለው ጊዜ ነውና።

የመንገደኛው ሰዓት ግን ከደጃፉ ይጀምራል። ከሜክሲኮ ቦሌ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ በተጨናነቀ ጊዜ ከበረራው የማያንስ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ላይ የፍተሻውና የጥበቃው ሰዓት ይታከላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ፣ ለሜክሲኮ ቅርብ በሆነ ስፍራ ነበር። የዘመኑ ዳግላስ ሲ 47 በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ቢበር 330ውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከ70 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ዛሬ በአየር ላይ 40 ደቂቃ ያህል ተርፏል ማለት ነው፤ ነገር ግን ትርፉ በምድር ላይ ተመልሶ ይባክናል።

ማረፊያው የራቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይሻል። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አልበቃቸውም፤ አገልግሎቱም ወደ ቦሌ ዞረ። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሌላ ታላቅ ማረፊያ እንዲኖር ተወስኗል።

ስለዚህ የማኮብኮቢያው ንድፍና ወደ ከተማው የሚያስገባው የባቡርና የመኪና መንገድ ንድፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊሠሩ ይገባል። ከባሕር ዳር ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመጣ ሕመምተኛ ሰዓቱን የሚቆጥረው አውሮፕላኑ መሬት እስኪነካ አይደለም፤ ሐኪሙ ዘንድ እስኪደርስ ነው። መሐንዲሱም ሥራውን በዚሁ ሰዓት ሊለካ ይገባዋል።