ዳኛ ሲገኝ ተናገር



አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። ሕግ ማክበራችንን የሚያሳይ መልካም አባባል ነው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። በቅሎዋ በሕግ ስትሄድ ባለቤቷ ችሎት ፊት ቆሞ ነበር ወይ? ተናግሮ ነበር ወይ? ሳይቀርብ ከሄደችበትስ?

ከመካከላችን በአንዱ የደረሰውን እናንሳ። አንድ ሰው በመሬት ድንበር ከሰሰው። መጥሪያ መጣለት። ማንበብ ስለማይችል የጣቱን አሻራ አድርጎ ተቀበለና ወረቀቱን ከጣራው ክዳን ሥር ሰካው። «ወረቀት ምን ያደርገኛል? መሬቱን እንደሆነ አገር ያውቀዋል» አለ። በቀጠሮው ቀን ጤፉን ሲያርም ዋለ። ችሎቱ ግን ተሰየመ። ከሳሹ ቀረበ፣ ምስክሮቹም ተሰሙ። ጉዳዩ እርሱ በሌለበት ታየና ተፈረደ። ይህን ያወቀው አዲስ የድንበር ድንጋይ ሲተከል ነው። ሮጦ ሄዶ «አላነበብኩትም» ቢል፣ አሻራው ከመዝገቡ ላይ ነበር። አባቱ ሲያርሱት የኖሩት ግማሽ ጥማድ መሬት በዚሁ ቀረ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ዳኛ የሚፈርደው በፊቱ በቀረበለት ነገር ነው። እኛ ጎረቤቶቹም ወረቀቱ ተሰክቶ እያየን «ምን ይላል?» ብለን አልጠየቅንም።

ወገኖቻችን፤ አሁን እኮ ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ መጥሪያ ሲደርሰን አራት ነገሮችን እናንብብ።

1ኛ/ የፍርድ ቤቱን ስም፣
2ኛ/ የመዝገቡን ቁጥር፣
3ኛ/ የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት፣
4ኛ/ ማን በምን ነገር እንደከሰሰን።

ከተፈረደ በኋላም የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት እንጠይቅ። ቀኑንም እንቁጠር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ለሚል ሰው ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ሰጥቷል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ደግሞ መጥሪያው በደንቡ ካልደረሰው፣ ወይም የቀረው በበቂ ምክንያት ከሆነ፣ ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ «ፍርዱ ይነሣልኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ድሃም ድህነቱን ካስረዳ የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል እንዲከስ ሕጉ ፈቅዷል። ቀኑ ካለፈ ግን እውነት ይዘን እንኳ በሩ ሊዘጋብን ይችላል።

«የራሴንስ ላንብብ፤ የሌላ ሰው ፍርድ ምኔ ነው?» የሚል ይኖራል። ይህንንም እንመልከት። አንድ አባት ልጁን ካሳደገችው አክስት ሊወስድ ተከራከረ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ፈረዱ። አክስቲቱ ግን ተስፋ ሳትቆርጥ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሄደች። ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የልጁ ጥቅም ነው ብሎ የታችኞቹን ፍርድ ሻረ።

ይህ ፍርድ የእነርሱ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት፣ ከ5 ያላነሱ ዳኞች በሰበር ችሎት ተቀምጠው ለሕግ የሚሰጡትን ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶች ሁሉ መከተል ግዴታቸው ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ይህንኑ አጽንቷል። እንግዲህ አንዲት ሴት አቤት ብላ ያገኘችው ፍርድ፣ ነገ የእኛ ልጅ ጉዳይ በወረዳ ፍርድ ቤት ሲታይ ይጠቀሳል ማለት ነው። እርሷ ቀኑን አሳልፋ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍርድ ከየት ይገኝ ነበር?

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል። ዳኛው የሚገኝበትን ቀን የሚነግረን መጥሪያው ነው። ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ከጣራው ሥር የሰካነውን ወረቀት ሁሉ እናውጣ። ኩራዙን አቅርበን እናንብበው። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለንም ሄደን «ወረቀት መጥቶልሃል ወይ?» እንበለው። ያነበብንለት ቀን መሬቱን ሊያተርፍለት ይችላል።