«በመንገድ ብልሽት ምክንያት ሁለት ቀን ዘግይተናል»

(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎች በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





በዚህ ጉባኤ እንድንናገር የተጋበዝነው በስሜን ተራሮች፣ በጃናሞራ ወረዳ በምትገኝ አንዲት የገጠር አጥቢያ ስላከናወንነው የምንጭ ማጎልበት ሥራ ነው። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ እርሱን አንደግመውም። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን «በመንገድ ብልሽት ምክንያት ሁለት ቀን ዘግይተናል» የምትል አንዲት መስመር አለች። የጻፍናት እኛው ነን፤ ውሸትም የለባትም። ነገር ግን የሥራው ዕጣ የተወሰነው በእነዚያ ሁለት ቀናትና እነርሱን ተከትለው በመጡት ሁለት የዕረፍት ቀናት ስለ ሆነ፣ ዛሬ የምንተርክላችሁ ያችን መስመር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት 6 ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከአዲስ አበባ የተነሣን 14 በጎ ፈቃደኞች ነበርን። አንድ የውኃ ሥራ ባለሙያ፣ ሁለት ነርሶችና ጥቂት ግንበኞች አብረውን ሲሆኑ፣ የቀረነው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነን። እኛ በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ 30 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ብረትና ቧንቧ ደግሞ በአይሱዙ ተጫነ። ሲሚንቶው የተገዛው ወጣቶቹ በየሳምንቱ ከኪሳቸው ባዋጡት ገንዘብ ነበር። ዕቅዳችን ሐሙስ ከአጥቢያዋ መድረስ፣ ዓርብ ቁፋሮ መጀመር፣ በሁለት ሳምንት ጨርሶ መመለስ ነው። ይህን ያወጣነው አዲስ አበባ፣ በአዳራሽ ውስጥ ካርታ ዘርግተን ነው። በካርታው ላይ ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ ያለው መንገድ ከአንድ ጣት አይበልጥም ነበር።

ያ መንገድ ከደባርቅ ተነሥቶ ብሔራዊ ፓርኩን እየሰነጠቀ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ ይወጣል። ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር ከፍ ይላሉ። ከጨነቅ በኋላ መንገዱ የቧሂትን ተራራ ትከሻ በ4,200 ሜትር ገደማ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ማዶ ለማዶ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ራስ ደጀን ይታያል። እንዲህ ባለ አገር ርቀትን በኪሎ ሜትር መቍጠር ምን ያህል እንደሚያታልል ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ረቡዕ ማታ ደባርቅ ስንደርስ ነርሶቻችን አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው እንድናድር ጠይቀውን ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው በየሌሊቱ የሚያድርበትን ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር እንደሚመከር አስረዱን። ጊዜ የለንም አልናቸው። ሕዝቡ እየጠበቀን ነው፤ ገንዘቡም የሰው ነው አልን። ምክንያቱ መልካም ይመስል ነበር።

ሐሙስ ከሳንቃበር ጥቂት እንዳለፍን ዝናብ ከበረዶ ጋር ወረደ። ጥቅምት ገብቷል ብለን የአይሱዙውን ሸራ በሚገባ አላሰርነውም ነበር። መኪናው በአንድ ኩርባ ላይ የኋላ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ ስንገፋው ይብሱን ወደ ገደሉ ጠርዝ ተንሸራተተ። ሾፌሩ «ከዚህ በኋላ የነካው ሰው ኃላፊነቱን ይወስዳል» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ትክክል ነበር። እኛ ሰማይና ምድሩ እስኪገናኝ ድረስ ድንጋይ ስንለቅም ቆየንና፣ ሾፌሩንና ሁለት ወንድሞችን እዚያው ትተን በቅጥቅጡ ወደ ጨነቅ ወጣን።

በዚያች ሌሊት ከወጣቶቻችን አንዱ በጽኑ ራስ ምታት ተያዘ። አስመለሰው፤ ቀጥሎም ሲናገር ቃላት ይጠፉበት ጀመር። በጨነቅ ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ይህን ነርሶቹ ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን ብርድ ነው ብለን ቡና አጠጣነው፣ ጋቢ ደረብንለት፣ «ነገ ይሻልሃል» አልነው። ከፓርኩ ጠባቂዎች አንዱ ገብቶ ባየው ጊዜ ቃሉ አጭር ነበር፦ «ይህን ልጅ አሁኑኑ አውርዱት።» በሌሊት፣ በዚያ መንገድ፣ በቅጥቅጡ ወደ ደባርቅ አወረድነው። ሲነጋ ደባርቅ ላይ ሻይ ጠይቆ ጠጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ወላጆቹን ስንጠራ ምን ልንላቸው እንደ ነበር ግን እስከ ዛሬ እናስበዋለን። ያን ሌሊት በሪፖርቱ ውስጥ አልጻፍነውም። አሁን በእናንተ ፊት ስንናገረው የመጀመሪያችን ነው።

ዓርብ እንግዲህ መኪና የለንም፤ ቅጥቅጡ ደባርቅ ነው፣ አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ነው። ሳንወድ ጨነቅ ላይ ዋልን። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ከእግራችን ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሌላ አገር ታየ፤ መንደሮቹ እንደ ተበተነ እህል ናቸው። ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ በሣሩ ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ይነጫሉ። ከቋጥኙ ጥግ ላይ ከስሜን በቀር በዓለም የማይገኘው ዋልያ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ሽማግሌ፣ ቆሞ አየን። ለብዙ ዓመታት አድጋ አንዴ ብቻ አብባ የምትሞተው ጅባራም በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆማ ነበር። ከእነዚህ ተራሮች አንዱ በአባ ያሬድ ስም ይጠራል፤ ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በስሜን እንዳሳለፈ በትውፊት የምንሰማውን እዚያ ተቀምጠን ስናስታውስ፣ ከመካከላችን ያሉ መዘምራን ሳናዛቸው በዝግታ ዜማ ጀመሩ። ምሳችን ግን ምስር ነበረና አልበስል ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጠበቀን። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ነው፤ የጾም ቀን መሆኑ ጠቀመን።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ውበት መካከል ልባችን አላረፈም። «ለሥራ የተላከ ሰው ተቀምጦ ገደል ያያልን?» የሚል ወቀሳ በመካከላችን ተነሥቶ ነበር። አብሮን የነበረው ዲያቆን ግን በማርቆስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ያለውን አስታወሰን፤ ሐዋርያት ከተልእኮ ሲመለሱ ጌታ ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። ሕዝቡም ቀድሞ ከዚያ ጠበቃቸው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላልነውም።

ቅዳሜ አይሱዙው በመንገድ ሥራ ማሽን ተጎትቶ ወጣ። 11 ኩንታል ሲሚንቶ በዝናቡ ረጥቦ ድንጋይ ሆኖ ነበርና ጣልነው። የቧሂትን ትከሻ ተሻግረን፣ መንገዱ ካበቃበት ዕቃውን በበቅሎና በአህያ ጭነን፣ ሲመሽ ከአጥቢያዋ ደረስን። ቄሰ ገበዙ መብራት ይዘው ወጡ፤ እናቶች እግራችንን አጠቡ፤ አልጋቸውን ለቀው እነርሱ በደጅ አደሩ። አንድም ሰው ለምን ዘገያችሁ አላለንም።

አሁን የሚቀጥለው ዕቅዳችን ውስጥ ያልነበረ ነው። ማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ሰኞም ጥቅምት 12፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል። ሐሙስ ብንደርስ ኖሮ ዓርብ ቆፍረን መሠረት እናወጣ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ በመድረሳችን ግን ሁለት ቀን አፈር የሚነካ ሰው አልነበረም። የቀን መቍጠሪያ እያንዳንዳችን በኪሳችን አለን፤ ዕቅዱን ስናወጣ ግን ማንም አልገለጠውም። ከቤተ ክርስቲያን ለተላከ ቡድን ይህ ትንሽ ኀፍረት አይደለም።

ሰኞ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጠበል ጠዲቁ ካበቃ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ገደል አፋፍ ላይ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጋር ተቀመጥን። የመሸሐ ሸለቆ በቀትር ፀሐይ ተዘርግቶ ይታያል። የሚሠራ ሥራ የለም፣ የሚቸኩልም የለም። አንዲት እማሆይ ከእኛ ባለሙያ አጠገብ ተቀምጠው ነበርና ልናጎለብታት ወዳሰብናት ምንጭ እያመለከቱ «ልጄ፣ በእውነት እዚች ላይ ነው የምትሠሩት?» አሉት። አዎን አላቸው። «እርሷ እኮ የክረምት ምንጭ ናት። ግንቦት ላይ ሌሊት ወርደን ተሰልፈን፣ በቅል እየጨለፍን ነው የምንቀዳት። የማትነጥፈዋ ያቺ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ያለችው ናት» አሉት።

ባለሙያችን ደነገጠ። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ልኬት እንዲልኩልን ጠይቀን፣ 20 ሊትር ጄሪካን በ22 ሰከንድ ይሞላል የሚል መልስ ደርሶን ነበር፤ በዚያ መሠረት ነው ግንባታው የተነደፈው። የሰበካ ጉባኤውን አባላት «ይህን ለምን አልነገራችሁንም?» ብለን ጠየቅን። ሊቀ መንበሩ ጥቂት ዝም ብለው «የጻፋችሁልን ለመንገድ የምትቀርበውን ምንጭ አሳዩን ብላችሁ ነበር፤ የምትቀርበውን አሳየናችሁ» አሉ። ደብዳቤው አለ፤ እንዳሉትም ነው። እማሆይን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ውኃ የሚቀዱት ግን እርሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ ቁፋሮውን ተውንና ሁለቱንም ምንጮች ለካን። የገደሉ ሥር ምንጭ 20 ሊትር በ48 ሰከንድ ሞላች፤ ከላይኛዋ በግማሽ ታንሳለች። ግንበኞቻችን አጉረመረሙ፤ የተሻለውን ጥሎ የከፋውን መያዝ ነው አሉ። በግንቦት ሦስታችን ተመልሰን ሄድን። ላይኛዋ ያንኑ ጄሪካን ለመሙላት ከአራት ደቂቃ በላይ ወሰደች፤ የገደሉ ሥሯ በ55 ሰከንድ ሞላች። በዚያ ላይኛዋ በቀን ከ7,200 ሊትር አታልፍም፤ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንመድብ ለ360 ሰው ናት። በአጥቢያዋ 600 ያህል ነፍስ አለ። ታችኛዋ ከ31,000 ሊትር በላይ ትሰጣለች፤ ከመንደሩም ከፍ ብላ ስለምትፈልቅ 1,200 ሜትር ቧንቧ ብቻ ጠየቀች እንጂ ሞተር አላስፈለጋትም። ሥራው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ከዝናቡ የተረፈውን ሲሚንቶ እስከዚያ ብናቆየው ኃይሉ ስለሚደክም፣ ያን ጊዜውኑ ለቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረጃ ዋለ።

በሐሙስ ደርሰን ቢሆን ኖሮ እማሆይ የተናገሩትን የሚሰማ ጆሮ አይኖረንም ነበር። መዘግየት መልካም ነው እያልን ግን አይደለም፤ ዋጋውን የከፈለው ሌላ ነውና። ይህንም የሰማነው ከአዋቂ አይደለም። ሐሙስና ዓርብ አባቶች በቅሎዎቹን ይዘው መንገዱ ካበቃበት ሲጠብቁን፣ ገብስ የሚጠብቁትን ልጆችም ለመጫን እንዲያግዙ ወስደዋቸው ነበር። ጭላዳ የሁለት አባወራዎችን ማሳ ገብቶ በላ። የነገረን የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ሰምቶ ተቆጣው። እኛ ዓርብ ጨነቅ ላይ የጭላዳ ፎቶግራፍ ስናነሣ ነበር። እናቶችም ለሐሙስ የጋገሩትን ጎረቤት በልቶት፣ ለቅዳሜ እንደገና ጋግረዋል።

ለደረሰው ጉዳት ካሳ እንክፈል ስንል አስተዳዳሪው እንግዳ ተቀብሎ ዋጋ መቀበል ነውር መሆኑን ነግረው መለሱን። በኋላ በተስማማነው መሠረት፣ የሁለቱ ማሳዎች ዘር ለሚቀጥለው ዓመት በሰበካ ጉባኤው በኩል እንዲሰጥ ሆነ፤ የበቅሎና የእህል ወጪም የአጥቢያዋ መዋጮ ተብሎ በሂሳቡ ተመዘገበ። ስለዚህ እንግዳ የምትቀበሉ የሰበካ ጉባኤያት የምታወጡትን ሁሉ በመዝገብ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ክፍያ ባትፈልጉም እንኳ ያወጣችሁት ይታወቅ። ቡድን የምትልኩም ብትሆኑ የበዓላቱን ቀንና የአዝመራውን ወቅት ከአጥቢያው ጠይቃችሁ ዕቅድ አውጡ፤ ስለ ምንጭ ስትጽፉም በግንቦት ምን ያህል እንደምትሰጥ፣ ከሚቀዱት ሴቶች ተጠይቆ ይጻፍላችሁ በሉ። እኛ አሁን ወደ ስሜን ስንወጣ ደባርቅ ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ በዕቅዱ ውስጥም «ዕረፍት» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል። የሚጠይቀን ከመጣ ይህን ታሪክ እንነግረዋለን።

የአጥቢያዋ የውኃ ኮሚቴ ሰባት አባላት አሉት፤ አራቱ ሴቶች ናቸው፣ እማሆይም አንዷ ናቸው። ግንቦት በመጣ ቍጥር እርሳቸው ጄሪካኑን ይይዛሉ፣ አንድ ዲያቆን ሰከንዱን ይቈጥራል፣ ውጤቱን በስልክ ይልኩልናል። ባለፈው የላኩልን 57 ሰከንድ ይላል።