ከሺህ እስከ ቢሊዮን

አቅራቢ 1፦ ልጆች ትልልቅ ቁጥሮችን መጥራት የሚለምዱት ብዙ ጊዜ መጠናቸውን ከመረዳታቸው በፊት ነው። «አርባ ሺህ አምስት መቶ ስድስት» ጻፉ ሲባሉ አንዳንዶቹ የሰሙትን ቀጣጥለው 40000506 ይጽፋሉ። ትክክለኛው 40,506 ነው።

አቅራቢ 2፦ ይህን የሚያርመው የቤት ዋጋ ሰንጠረዥ ነው። ከአንድ ቤት ወደ አስር ቤት፣ ከአስር ቤት ወደ መቶ ቤት እያለ ወደ ግራ ሲኬድ የእያንዳንዱ ቤት ዋጋ አስር እጥፍ ያድጋል። ባዶውን ቤት ዜሮ ይይዘዋል፤ ከቀኝ በየሦስት አሃዙ የሚገባው ኮማ ንባቡን ያቀልላል።

አቅራቢ 1፦ ማወዳደርም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የአሃዞቹ ብዛት ይቆጠራል፤ 98,765 በ9 ቢጀምርም ባለአምስት አሃዝ ስለሆነ ከ102,340 ያንሳል።

አቅራቢ 2፦ ብዛታቸው እኩል ሲሆን ከግራ ይጀመራል። 748,300 እና 752,100 በ7 ይመሳሰላሉ፤ ቀጥሎ 4 ከ5 ስለሚያንስ ሁለተኛው ይበልጣል። የተቀሩትን አሃዞች ማየት አያስፈልግም።

አቅራቢ 1፦ የመጠኑን ስፋት ለማሳየት ገንዘብ ይጠቅማል። አንድ ሚሊዮን ብር በባለ 200 ብር ኖት ሲቆጠር 5,000 ኖት፣ ማለትም መቶ መቶ ኖት የያዘ 50 እስር ነው። አንድ ቢሊዮን ብር ግን 50,000 እስር ይሆናል።

አቅራቢ 2፦ የቁጥር መስመርም ልዩነቱን ያጎላል። ሰሌዳ ላይ 1 ሜትር መስመር ተሰምሮ በግራ ጫፉ 0፣ በቀኝ ጫፉ 1 ቢሊዮን ሲጻፍ፣ ብዙ ልጆች ሚሊዮንን ከዜሮ አርቀው ያስቀምጡታል። ትክክለኛ ቦታው ከዜሮ 1 ሚሊሜትር ብቻ ይርቃል፤ ሚሊዮን የቢሊዮን አንድ ሺህኛ ነውና።