ማዕድ ላይ ለታነቀ ሰው እንድረስለት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። በዛሬው ዝግጅታችን ምግብ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ለታነቀ ሰው ስለሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታ እንነጋገራለን።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 32 አንዲትን ነፍስ ማዳን የሰውን ልጅ ሁሉ እንደ ማዳን መሆኑን አስተምሮናል። አየር የተቋረጠበት ሰው አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። በዚህች አጭር ጊዜ ከሚሴ ከተማ ያለነው እንኳ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይከብደናል፤ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጂሌ ጥሙጋና በደዋ ሐረዋ ገጠር ላሉት ወገኖቻችንማ ምን ያህል ይብስ! ስለዚህ ደራሹ አብሮ ማዕድ የቀረበው ሰው ነው።

ሰውየው መሳልና መናገር ከቻለ አጥብቆ እንዲስል እናበረታታው። ድምፁ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሰነው በመዳፋችን ሥር በትከሻዎቹ መካከል ጀርባውን 5 ጊዜ በኃይል እንምታ። ካልወጣለት ከኋላው ቆመን እንቀፈው፤ ጭብጣችንን ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረት አጥንቱ በታች አድርገን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ እንሳብ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እናፈራርቅ። ለነፍሰ ጡር በሆዷ ፋንታ ደረቷን እንጫን። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ክንዳችን ላይ በደረቱ ተደፍቶ፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ጀርባው 5 ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ በጀርባው ገልብጠን የደረቱን መሐል 5 ጊዜ እንጫን። የሕፃን ሆድ አይጨመቅም።

ታማሚው ራሱን ከሳተ መሬት ላይ አስተኝተን ደረቱን መጫን እንጀምር፤ ሌላው ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ሆዱ የተጨመቀ ሰው ቢድንም በሐኪም ይታይ።

አናት መምታት፣ ውኃ ማጠጣትና ያላየነውን ነገር በጣት መፈለግ ልማድ ቢሆኑም ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም።

«የታነቀችው ሴት አጅነቢ ብትሆንስ?» የሚል ይኖራል። ሴት ካለች እሷ ትርዳት፤ ከሌለች ግን ሐያእ ብለን ነፍስ አናስጠፋ። ሸሪዓችን ለችግር ጊዜ የተለየ ፍርድ አለው። ፉቀሃዎቻችን ሰጋጅ እንኳ ሊጠፋ ያለን ሰው ለማዳን ሶላቱን እንዲያቋርጥ ደንግገዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። በረመዷን የመግሪብ አዛን ሲሰማ በችኮላ አንጉረስ። ለልጆችና ለአረጋውያን የተምሩን ፍሬ አውጥተን፣ ሥጋውን አድቅቀን እንስጥ። ቆሎና ለውዝ ለሕፃናት አይሰጥ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ፍቅራችን ግን አፍ የሚችለውን ያህል ይሁን። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ከሆዳችን ሢሶውን ለትንፋሽ እንድንተው መክረውናል።

ይህን ትምህርት ዛሬውኑ ከቤተሰቦቻችን ጋር እንለማመደው። አላህ ቤቶቻችንን ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅልን፤ አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።