ወደሚሠራው መመለስ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ አገር የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የቢቱዋሕ ሌኡሚ ማመልከቻ፣ የልጆቻችን የትምህርት ቤት መልእክት በብዛት የሚያልፈው በስልክና በኮምፒዩተር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ «አልተሳካም» ሲል አንዱ ወላጅ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ያፍራል፤ ሌላው «ፋይሌን ሰርዘውብኛል» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አይደለም። የተበላሸው ሩቅ ያለ ማሽን ነው፤ ባለሙያዎችም ቀድሞ ወደሚሠራው ሁኔታ እየመለሱት ይሆናል። ይህ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ ለወላጅ ዕረፍት፣ ለወጣት ደግሞ ሙያ ስለሆነ ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ «ደመና» የሚባለው ምንድን ነው? ስሙ እንጂ ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች የተደረደሩበት ትልቅ ሕንፃ ነው። መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ማሽን በመግዛት ፈንታ ከዚያ ይከራያሉ። ጎግል በእስራኤል እንዲህ ያለውን ማዕከል በ2022፣ አማዞን ደግሞ በ2023 ከፍተዋል።

በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚሠራው ፕሮግራም በየጊዜው ይታደሳል። አንዳንድ ድርጅት በቀን ብዙ ጊዜ ያድሳል። እያንዳንዱ እትም ቁጥር አለው፤ አዲሱ ሲገባ የቀድሞው አይጣልም። አገራችን ሳለን እናቶቻችን እንጀራ ከመጋገራቸው በፊት እርሾ ያስቀሩ አልነበረም? የዛሬው ሊጥ ቢበላሽ ነገ ከእርሾው ይጀመራል። ኩበርኔቲስ የተባለው በደመና ላይ ፕሮግራም የሚያስተዳድር መሣሪያ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር 10 የቀድሞ እትሞችን ይዞ ይቆያል፤ በአንድ ትእዛዝም ወደ ኋላ ይመልሳል። የአማዞኑ ክላውድፎርሜሽን ደግሞ ማደሱ መንገድ ላይ ከከሸፈ ብዙውን ጊዜ ሰው ሳያዘው ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል።

ጥሩ ባለሙያ ብልሽት ሲያይ መጀመሪያ «ማን አጠፋ? ለምን?» ብሎ አይከራከርም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው አስቀድሞ ወደሚሠራው እትም ይመልሳል፤ ሕዝቡ አገልግሎቱን ሲያገኝ ምክንያቱን በእርጋታ ይመረምራል። ደግሞም ብልህ ገበሬ ያልሞከረውን ዘር በማሳው ሁሉ እንደማይዘራ፣ አዲሱን እትም መጀመሪያ በጥቂት ማሽኖች ላይ ይሞክራል።

ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን ላንሳ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 2025 የብዙ ድረ ገጾችን መንገድ የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የተባለ ድርጅት አገልግሎቱ ተቋረጠ። በየጊዜው ለማሽኖቹ የሚላክ አንድ ፋይል ከሚገባው በላይ ገዝፎ ፕሮግራሙን ጣለው። ሠራተኞቹ ምክንያቱን ሲያገኙ አዲሱ ፋይል እንዳይሰራጭ አግደው በቦታው የቀድሞውን ጤነኛ ፋይል አስገቡ። ዋናው አገልግሎት ከሦስት ሰዓት ጥቂት በለጥ ብሎ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሐምሌ 19 ቀን 2024 የሆነው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት የላከው ጉድለት ያለበት ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ጣለ። በእስራኤልም ሆስፒታሎች ጭምር ተነክተዋል። ድርጅቱ ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መለሰ፤ ነገር ግን አስቀድመው የወደቁት ማሽኖች መልሰው ስለማይነሡ ማስተካከያውን ሊቀበሉ አልቻሉም። ሰው በየማሽኑ እየሄደ በእጁ ማስተካከል ነበረበት። ስለዚህ መመለሻ መንገድ የሚዘጋጀው ከመውደቅ በፊት ነው።

ሦስተኛው ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት ታሪክ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲሱ ፕሮግራም በ8 ሰርቨሮች ላይ መግባት ሲገባው በ7ቱ ብቻ ገባ። በስምንተኛው ላይ ለዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ ፕሮግራም ነቅቶ ያለ ልክ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ሠራተኞቹ ጥፋቱ የአዲሱ ነው ብለው ከ7ቱ ላይ አነሡት። የሚመጡት ትእዛዞች ግን የአዲሱን ምልክት እንደያዙ ነበርና አሮጌው ፕሮግራም በሁሉም ላይ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰ። ወደ ኋላ መመለስ መድኃኒት የሚሆነው ምን እንደሚመለስ፣ ከምን ጋር እንደሚመለስ ሲታወቅ ነው።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚነካው ነገር ልምጣ። ፕሮግራም መመለስና የሰው መረጃ መመለስ አንድ አይደሉም። ፕሮግራሙ ወደ ትናንቱ እትም ቢመለስ እናንተ ዛሬ የሞላችሁት ቅጽ በመዝገቡ ላይ ሊቆይ ይችላል። መዝገቡ ራሱ ወደ ትናንት ቅጂ ከተመለሰ ግን ዛሬ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ቀጠሮ ስትይዙ ወይም ማመልከቻ ስትልኩ የሚሰጣችሁን የማረጋገጫ ቁጥር በደብተር ጻፉ፤ የስልኩንም ገጽ ፎቶ አንሡ። ዕብራይስጥ ማንበብ ያልለመደ ሰው ፎቶውን ቢያሳይ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ስትከፍሉ ከተቋረጠ ደጋግማችሁ አትጫኑ። መጀመሪያ ከባንክ ሒሳባችሁ ገንዘቡ መውጣት አለመውጣቱን እዩ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻ ቀን ያለው ጉዳይ ከሆነ ስልኩ እስኪሻለው አትጠብቁ። ደውሉ፣ ወይም ወረቀታችሁን ይዛችሁ በአካል ሂዱ፤ የሄዳችሁበትንም ቀንና ሰዓት ጻፉ። የተበላሸው ማሽን እንጂ መብታችሁ አይደለም።

አራተኛ፣ አገልግሎቱ ሲመለስ ቀጠሯችሁና ማመልከቻችሁ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ።

አምስተኛ፣ «ብልሽቱን ላስተካክልላችሁ» ብሎ ለሚደውል ሰው የተኡዳት ዜሁት ቁጥራችሁንም ሆነ በስልክ የተላከላችሁን ኮድ አትስጡ። በ2024ቱ ብልሽት ጊዜም ረዳት መስለው የተነሡ አታላዮች ነበሩ።

ለእናንተ ወጣቶች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ኮምፒዩተር የምትማሩ ከሆነ አዲስ ነገር መሥራትን ብቻ አትማሩ። የሠራችሁትን በየደረጃው ማስቀመጥን፣ ወደ ኋላ መመለስንም በሰላሙ ቀን ተለማመዱ። በችግር ቀን ያልተለማመደ እጅ ይንቀጠቀጣል። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ያስገባኸው እትም ቢበላሽ ምን ታደርጋለህ?» ስትባሉ በእርጋታ ደረጃ በደረጃ መመለስ ከቻላችሁ፣ ቋንቋችሁ ገና ቢሆንም ሙያችሁ ይናገርላችኋል።

ወላጆች፣ ነገ ስልካችሁ «አልተሳካም» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ቁጥራችሁንና ወረቀታችሁን ያዙ።