የካቲት 7 ማታ ሁላችንም የምንቀመጥበት ገበታ
(በማኅበራችን የጥር ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የፍቅረኞች ቀን እራት ጉዳይ ሲነሣ አብዛኞቻችን ሳቅን። «ቁጠባችንን ትተን ስለ ሻማ ልናወራ ነው?» ያለችም ነበረች። ሳቁ የቆመው አንዲት እኅታችን ያምናውን እራቷን ስትነግረን ነው። ከማለዳ ጀምራ ስትከትፍና ስታቁላላ ዋለች። ቤቱን አሳመረች፣ ጽጌረዳ አስቀመጠች፣ ባለቤቷና ልጆቿ ቀረቡ። እሷ ግን አንዴ እንጀራ፣ አንዴ ውሃ፣ አንዴ ጨው ስታመላልስ እራቱ አለቀ። የራሷን ድርሻ ማድ ቤት ቆማ በላች። «ጣፍጧል አሉኝ» ብላ እሷም ሳቀች። እኛ ግን ዝም አልን፤ በየቤታችን የምናውቀው ነገር ነውና። ኮሚቴው ይህን ንግግር ያዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው።

ባቱ ለምንኖር ለእኛ ቀኑ እንግዳ አይደለም። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ብዙዎቻችን የአበባ እርሻ ግሪንሃውስና ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነን። አገራችን አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ጽጌረዳው በእጃችን ተቆርጦ፣ በዘንጉ ርዝመት ተለይቶ፣ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይሄዳል፤ ከዚያም አብዛኛው ሆላንድ ይገባል። አበባው ቀድሞ መድረስ ስላለበት የካቲት 7 ራሱ ሲመጣ ሩጫው አልፏል። የሰው ገበታ አምሯል፤ የእኛ ቤት ግን አንድ ዘንግ የለም።

«የእኛ በዓል አይደለም» ለምትሉ እኅቶች ክርክር አናነሣም። ዘንድሮ ግን ቀኑ ቅዳሜ ይውላል፤ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ይገባል። ስለዚህ የክርስቲያኑ ቤት ቅበላ ላይ ነው፤ ለቅበላ የታሰበው ሥጋና ቅቤ ለዚህም እራት ይበቃል። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጠበቃል። ለአንድ ማታ ተብሎ ሁለተኛ ወጪ አይውጣ። ከማኅበሩ ብድር ወስዶ የብርጭቆ ስብስብ መግዛትማ እንዳይታሰብ፤ ይህን የምንለው ያየነው ነገር ስላለ ነው።

አሁን ወደ ገበታው። ማስጌጡ የሚጀምረው ከአበባው ሳይሆን ከመቀመጫው ነው። ስንት ሰው እንደሚበላ ቁጠሩ፤ ራሳችሁንም ጨምሩ። በርጩማችሁን ወይም ወንበራችሁን ከሁሉ አስቀድማችሁ አኑሩ። ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትደርሱበት ቦታ ላይ ትርፍ እንጀራ በሌማት፣ ውሃ በጆግ፣ ጨውና ሚጥሚጣ፣ የእጅ ማድረቂያ ይቀመጥ። ማስታጠቢያውም አጠገብ ይሁን፤ ሎሚ ጨመቅ ቢደረግበት የቅቤውን ሽታ ያነሣል። ከተቀመጣችሁ በኋላ የጎደለ ነገር ካለ ሌላ ሰው ይነሣ።

መሶብ ያላችሁ ጠረጴዛ አትፈልጉ። ለሁለት ሰው ከመሶብ የሚሻል የለም፤ ያቀራርባል፣ ለጉርሻም ያመቻል። ጠረጴዛ ከሆነ ጥለት ያለው ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ወጡ ቀይ፣ ጽጌረዳው ቀይ ነው፤ የወረቀት ልብና ቀይ ፊኛ ሲጨመር ዓይን ማረፊያ ያጣል። (የወረቀት ልቡን ልጆች ከሠሩት ግን አንቃወምም፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፍላቸው።)

ስለ ጽጌረዳው ትንሽ እንቆይ። ዘንጉ አጥሮ ወይም ጎብጦ ለውጭ ያልተመረጠው በገበያ በርካሽ ይገኛል፤ ለቤት ደግሞ አጭሩ ይሻላል። በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርጋችሁ ሁለት ጣት ያህል ከታች ቁረጡለት፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አንሡ፣ በንጹሕ ብርጭቆ አቁሙት። ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ፊት የሚጋርድ ከሆነ ረዝሟል ማለት ነው። ነገር ግን በስልክ እንደምናየው ቀዩን ቅጠል በጥሳችሁ ሳህንና እንጀራ ላይ አትበትኑ። ይህ ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለአፍ አልተመረተም። የሚረጨውን መድኃኒት የሠራንበት እናውቀዋለን፤ ከርጭት በኋላ ሰዓቱ ሳይደርስ ግሪንሃውስ አትግቡ የምንባለው በከንቱ አይደለም። አበባውን ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሻማ ከሆነ ሁለት ይበቃል፤ ጥቂት አሸዋ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይቁም፣ ከነጠላ ጫፍና ከልጆች እጅ ይራቅ። የአንዷ አባላችን ባለቤት ከሥራ ሲገባ ሻማውን አይቶ «እናንተም ጋ መብራት ጠፋ?» ብሎ ጎረቤት ሊጠይቅ ወጥቶ ነበርና አስቀድሞ መንገርም አይከፋም።

ምግቡ ቀላል ይሁን። ዶሮ ካሰባችሁ ሽንኩርቱን ዓርብ ማታ በዘይት አቁላልታችሁ አሳድሩት። ጥብስ ግን ሁሉንም ያቀልላል፤ ሥጋውን ባል ይክተፍ፣ ሰላጣውን ልጆች ይጠቡ፣ ቡናውንም እራት ያልሠራ ሰው ያፍላ።

ባሏ የሞተባት፣ ያላገባች ወይም ባለቤቷ በሥራ የራቀባት እኅታችንም ይህ ለእኔ አይደለም አትበል። ዓምና አንዷ ከስምንተኛ ክፍል ልጇ ጋር ነበር ገበታ የዘረጋችው። ልጅቷ ሳህኖቹን እየደረደረች «እማዬ፣ ዛሬ አንቺ እንግዳ ነሽ» አለቻት። እናትየው ይህን ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የማኅበሩ መሶቦች ሰባት ናቸው። የሌላችሁ እስከ ጥር 30 ድረስ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ተመዝገቡ፤ ለአንድ ማታ በነፃ ይሰጣል፣ እሑድ ጠዋት ተጠርጎና ደርቆ ይመለስ። አበባውን በጅምላ ገዝተን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ በባልዲ እናኖራለን። ለእያንዳንዷ አባል ሦስት ዘንግ ይደርሳታል። ያምናዋ እኅታችን የመጀመሪያውን መሶብ ወስዳለች፤ በርጩማዋን አስቀድማ እንደምታኖር ነግራናለች።