«ባወልስ»፦ ከቋሊማ እስከ ርኅራኄ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ያተኩራል፤ ቃሉም «ባወልስ» ነው። መዝገበ ቃላት «አንጀት» ብሎ ይፈታዋል። ፍቺው ትክክል ነው፤ ሆኖም የታሪኩን ግማሽ ይተወዋል። የተተወው ግማሽ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ እጅግ ቅርብ ነው።

የቃሉ ትውልድ ከወጥ ቤት ነው። ሮማውያን ቋሊማን «ቦቱሉስ»፣ ትንሹን ቋሊማ «ቦቴሉስ» ይሉት ነበር። ቋሊማ የሚሞላው በእንስሳ አንጀት ውስጥ ነውና፣ የምግቡ ስም ለአንጀቱ ተሰጠ፤ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩልም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ቦቱሊዝም የተባለው የምግብ መመረዝም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግንድ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር የተበላሸ ቋሊማ ሰው ይገድል ነበርና።

ይህ የሥጋ ቤት ቃል ማዕርግ ያገኘው በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው። የአዲስ ኪዳን ግሪክኛ የውስጥ አካላትን፣ ልብን፣ ጉበትንና ሳንባን ሳይቀር፣ «ስፕላንኽና» ይላቸዋል፤ ወንጌላውያን ጌታ ለሕዝቡ እንደ ራራ ሲጽፉ የተጠቀሙበትም ግስ ከዚያው የወጣ ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም በቆላስይስ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 12 «ባወልስ» ሲል፣ አካሉን ከነርኅራኄው ያዘ። ኦሊቨር ክሮምዌልም በ1650 ለስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ በጻፈው ደብዳቤ፣ «ተሳስተን ይሆናል» ብለው እንዲያስቡ የተማጸናቸው በክርስቶስ «ባወልስ» ነበር። የዛሬ እንግሊዛዊ እዚህ ሲደርስ ፈገግ ይላል፤ ቃሉ በአብዛኛው ለሐኪም ቤትና ለመፀዳጃ ቤት ቀርቷልና። በ1881 የወጣው የታረመ አዲስ ኪዳን በዚያው የቆላስይስ ስፍራ «ልብ» የሚለውን ተካ።

በአማርኛ ግን ማንም ፈገግ አይልም። «አንጀቴን በላው» የሚል ሰው ስለ በሽታ አይናገርም፤ ከአንገት በላይ የሆነ ፍቅርም ከአንጀት ከሆነው ይለያል። እንግዲህ የክሮምዌልን ደብዳቤ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ርኅራኄ» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ እንግሊዝኛ ያጣውን እኛ ሳናጣው እንጥለዋለን። በእኔ ግምት «በክርስቶስ የርኅራኄ አንጀት» ማለት ይሻላል።

ጉዳዩ የድርሳን ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ሐኪም ፊት የተቀመጡ እናት «ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ አንጀቴ አርሯል» ቢሉ፣ አስተርጓሚው ምን ይበል? «ባወልስ» ቢል ሐኪሙ የሆድ ዕቃ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። እንግሊዛውያን እንደሚሉት «ልብ» ቢልም፣ በደረት ሕመም ሊተረጎምበት ይችላል። «አዝነዋል» ብሎ ቢያሳጥረውስ? ኀዘን የሰበራቸው ሰዎች ሆዳቸውንም በእርግጥ ሊያማቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ አስተርጓሚው ሁለቱንም ፍቺ ለሐኪሙ አስረድቶ፣ «እማማ፣ ኀዘኑን ነው የሚሉኝ ወይስ ሆድዎንም ያምዎታል?» ብሎ እንዲጠይቅ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል።